በሆድ የተባለ እሺ

አባቴ ያረጁት በደሴና በኮምቦልቻ መሀል ነው። ሥራቸው ሚኒባስ መንዳት ነበር። ደርግ ከወደቀ በኋላ አንዲት አሮጌ ሚኒባስ ይዘው ጀመሩ፤ እኔ አድጌና ተምሬ ደሴ ውስጥ አስተማሪ ስሆንም ያንኑ መንገድ ሲወጡና ሲወርዱ ነበሩ። ሐረጎ ዳገት ላይ ጉም ወርዶ መንገዱ አልታይ ሲል፣ ተሳፋሪው አላህን የሚጠራው አላህን፣ ማርያምን የሚጠራው ማርያምን መጥራት ይጀምራል። አባቴ ወደ ኋላ ሳይዞሩ «አብሽሩ!» ይላሉ። አይዟችሁ ማለታቸው ነው። አጠገባቸው የተቀመጠው ወንድ ከሆነ «አብሽር»፣ ሴት ከሆነች ደግሞ «አብሽሪ» ብለው ለብቻ ይጨምራሉ። ወሎ ውስጥ ይህን ቃል የማይል የለም፤ እንደ አባቴ የሥራ መሣሪያ ያደረገው ሰው ግን ያለ አይመስለኝም።

ሌላው ቃላቸው እሺ ነበር። «እዚች ጋ ያውርዱኝ» ሲባሉ እሺ ይላሉ፤ ሳያቆሙ ያልፋሉ። «ነገ በጧት መጥተው እቃ ይጫኑልኝ» ሲባሉ እሺ ይላሉ፤ ነገ በጧት ማንም አያያቸውም። ሰው ማስቀየም አይወዱም፤ ስለዚህ ሁሉንም በእሺ ሸኝተው የወደዱትን ያደርጋሉ። እናቴ እንደምትለው የአባቴ እሺ ሦስት ዓይነት ነው። አጭሩ እሺ «ሰምቻለሁ» ማለት ነው። ረጅሙ፣ «ሺ» ላይ የሚንዘላዘለው፣ «አላደርገውም» ማለት ነው። ኢንሻአላህ የተከተለው ደግሞ «ሁለተኛ እንዳትጠይቀኝ» ማለት ነው። «ታዲያ እውነተኛው እሺ የቱ ነው?» ብዬ ስጠይቃት፣ «እሱንማ እኔም ከተጋባን ጀምሮ እየጠበቅኩት ነው» ትለኛለች።

እኔን ሊያገባ የፈለገው የሐርቡ ከተማ ልጅ ሽማግሌ የላከው እንግዲህ እኚህ ሰው ዘንድ ነው።

ልጁ ያኔ ኮምቦልቻ ተቀምጦ፣ በዚያ በኩል ይሠራ በነበረው የባቡር ሐዲድ ላይ ቀያሽ ነበር። የተዋወቅነው በአባቴ ሚኒባስ ነው። የመለኪያ መሣሪያውን ረጅም ሦስት እግር ይዞ ከኋላ ሲሳፈር፣ «ይሄ ነገር ሰው ይወጋል» ብለው አስነሥተው ጋቢና አጠገቤ ያስቀመጡት አባቴ ራሳቸው ናቸው። ከዚያ በኋላ ልጁ መለካት የሚያበዛው በደሴ በኩል ሆነ። ሐዲዱ ግን በደሴ በኩል አያልፍም ነበር።

ሽማግሌዎቹ ቅዳሜ መጡ። አባቴ በትሕትና አዳምጠው «እሺ፤ እስኪ ከቤተሰብ እንመካከር» አሉና ቀጠሮ ሰጡ። ወጉም ይኸው ነው፤ ልጅ በመጀመሪያው ቀን አይሰጥም። እንግዶቹ ሲወጡ እኔና እናቴ ጓዳ ገብተን የቱ እሺ እንደነበር ተከራከርን። እናቴ አጭሩ ነው አለች። ለእኔ «ሺ» ላይ ትንሽ የተንዘላዘለ መሰለኝ። አባቴን መጠየቅ አይታሰብም፤ በእኛ ቤት አባትና ሴት ልጅ ስለ ባል አይነጋገሩም። በቀጠሮው ቀን ይለይለታል ብዬ ተውኩት።

ቀጠሮው ሳይደርስ አባቴን ስትሮክ መታቸው።

ቀኝ ጎናቸው ደከመ። ሐኪሙ፣ «የሚባለውን በአብዛኛው ይሰማሉ፤ ቃል ግን አልታዘዝ ብሏቸዋል» አለን። ሁሉም ቃል አልሸሸም። አንዱ ቀርቶላቸዋል፤ አብሽር። ውሃ ሲፈልጉ አብሽር። ውሃው ሲቀዘቅዝባቸው አብሽር። ሲቆጡም አብሽር። ዓይኑን አፍጥጦ፣ ትራስ ወርውሮ አይዞህ የሚል ሰው ካላያችሁ አባቴን አላያችሁም። ራሳቸውን መነቅነቃቸውም አያስተማምንም፤ ለሁሉም ነገር ይነቀንቃሉ።

ቤታችን ቧንቧ ውሃ የሚባለው የደሴ ሠፈር ነው። አጥር የምንጋራት ጎረቤታችን ጴንጤ ናት፤ አንድ ቀን መጥታ እጇን ትከሻቸው ላይ አድርጋ ጸለየችላቸው። ስትጨርስ አባቴ ጮክ ብለው «አብሽር!» አሉ። እሷም እንደ አሜን ቆጠረችው። ስትወጣ ግን በሩ ላይ ቆም ብላ፣ «አባባ፣ እኔኮ ሴት ነኝ፤ አብሽሪ ይበሉኝ እንጂ» ብላ ቀለደችባቸው። አባቴ ሞከሩ። ከንፈራቸው ታገለ፣ የአንገታቸው ሥር ተገተረ፤ የወጣው አብሽር ነው። ደግመው ሞከሩ፤ አብሽር። ሐኪሙም ስንነግረው አልገረመውም። እንዲህ ያለ ቃል ደርቆ እንደቀረ ነው፣ ጫፉ እንኳን አይለወጥም አለን። ወንዱም ሴቱም፣ ድመቷም ሳትቀር፣ ለአባቴ አብሽር ሆኑ።

ለሌላው ሰው አንድ የሆነው አብሽር ለእኔ ግን ብዙ ነበር። ጉሮሮ ውስጥ የሚቀረው አብሽር ውሃ ስጡኝ ነው። በአፍንጫ የሚወጣው ሬዲዮውን ዝጉልኝ ነው። ቶሎ ቶሎ የሚደገመው የሶላት ሰዓት ደረሰ ነው። እንዴት እንደለየሁት አላውቅም፤ ጆሮዬ ለመደው። እናቴ ሲጨንቃት ትምህርት ቤት ድረስ ደውላ ስልኩን አፋቸው ላይ ትደግነዋለች፤ እኔ ከተማሪዎቹ ሰልፍ ወጣ ብዬ አዳምጥና «ጀርባቸውን እከኪላቸው» እላታለሁ። ኔትወርክ ከሌለ ሳይታከኩ ይውላሉ።

የሐርቡዎቹ ሽማግሌዎች ጊዜ ሰጥተውን ቆዩና በጨዋ ደንብ ተመልሰው መጡ። የሠፈራችን ሸህ ተጠየቁ። አባት መናገር ካልቻለ ኒካሁ ላይ፣ ጋብቻው ሲታሰር፣ ታላቅ ወንድሜ በአባት ቦታ ወሊ ሆኖ ሊሰጠኝ ይችላል አሉ። ለሁሉም ቀላል ሆነ። እኔ እምቢ አልኩ። የአባቴን ፈቃድ ከራሳቸው ካልሰማሁ ከዚህ ቤት አልወጣም አልኩ። እናቴ «ለአባቷ ያላት ክብር» እያለች ለጎረቤት አወራችልኝ። እውነት ነው፣ ያች የተንዘላዘለች እሺ ከጆሮዬ አልወጣ ብላኝ ነበር። ከእሷ በላይ የፈራሁት ግን ሌላ ነው። እኔ ኮምቦልቻ ከወረድኩ የአባቴን አብሽር ማን ይለየዋል? ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ በሆዴ ያዝኩት።

ወንድሜ ኮምቦልቻ ውስጥ የምሕንድስና መምህር ነው። ዘመኑ ሁሉ ነገር «ትራንስፎርሜሽን» የሚባልበት ነበርና፣ እሱም የአባታችንን ዝምታ ትራንስፎርም ሊያደርግ ተነሣ። አንድ እሁድ ካርቶን ታቅፎ መጣ። ከካርቶኑ የሸረሪት እግር የመሰሉ ቅርንጫፎች ያሉት ኮፍያ አወጣ። ውጭ አገር ተምሮ የተመለሰ የሥራ ባልደረባው ያመጣው ነው፤ ተማሪዎች ለመመረቂያ ይሞክሩበታል።

«ሰው አንድ ቃል ሊናገር ሲያስብ፣ አፉን ባይከፍትም፣ አንጎሉ ውስጥ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይንቀሳቀሳል» አለን። «ይህ ኮፍያ ያንን ይለቅማል፤ ኮምፒውተሩ ደግሞ ቃሉ የቱ እንደሆነ ይገምታል።»

«ሁሉንም ቃል?» አልኩት።

«ሁሉንም አይደለም። ሁለት።»

«ሁለት ብቻ? አባ አንድ አላቸው፤ ለአንድ ቃል ጭማሪ ነው ይህን ሁሉ የተሸከምከው?»

«በዓለም ላይ ገና እየዳኸ ያለ ነገር ነው» አለኝ ተቀይሞ።

እናቴ ኮፍያውን ዞር ዞር ብላ አየችው። «እኔ ያልገባኝ» አለች፣ «ሰው ሳይናገር የሚናገረው በሆዱ ነው። 'በሆዴ እንዲህ አልኩ' ይባላል እንጂ 'በጭንቅላቴ አልኩ' ሲባል ሰምተህ ታውቃለህ? እና ጭንቅላታቸው ላይ ምን ትለጥፋለህ?»

ወንድሜ በስንት አገር ቋንቋ የተጻፈውን አንብቧል፤ ይህ ጥያቄ ግን የትም አልገጠመውም። በመጨረሻ «እማ፣ ለጊዜው ከላይ እንጀምር» አለ።

የኮፍያው ጫፎች ላይ ያሉት ትናንሽ ስፖንጆች በጨው ውሃ መራስ ነበረባቸው። እናቴ «ጨዉ እንደ ሽሮ ነው እንደ ሥጋ?» እያለች በጥበጠች። አባቴ የሶላት ቆባቸውን ላለማውለቅ በግራ እጃቸው ያዙ፤ አብሽር እያሉ ተከላከሉ፤ ይህኛውን ለማንም መተርጎም አላስፈለገኝም። አባብዬ አወለቅኩላቸው። ጨዋማው ውሃ በግንባራቸው ሲወርድ እኔን እያዩ ተቀመጡ።

መጀመሪያ ላይ ስክሪኑ ላይ የሚሮጡት መስመሮች ሁሉ ዝም ብለው ይንቀጠቀጡ ነበር። ወንድሜ የቤቱ መብራት ነው አለ፤ በግድግዳው ሽቦ የሚሄደው ኤሌክትሪክ የአባታችንን ሐሳብ ይውጠዋል። በዚያ መሀል እንደ ልማዱ መብራት ጠፋ። መስመሮቹ ጸጥ አሉ፤ ኮምፒውተሩ በባትሪው ቀጠለ። በደሴ ታሪክ መብራት ጠፋ ብሎ ያጨበጨበ ሰው ወንድሜን ብቻ ነው የማውቀው። ከዚያ ወዲያ እሁድ እሁድ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቀው «መብራት አለ?» ብሎ ነው፤ አለ ስንለው ያዝናል።

ቃላቱን የመረጠው እሱ ነው። «አዎ»ና «አይ» በአንድ ፊደል ስለሚጀምሩ እንዳይምታቱ ፈራ። ስለዚህ አንዱ «እሺ»፣ ሌላው «አይሆንም» ሆነ። እሱ ቃሉን ይጠራል፤ አባቴ አፋቸውን ሳይከፍቱ ያንኑ ይደግማሉ፤ ማሽኑ ይማራል። ከእናቴ ጋር እንዳይከራከር ሲል አባባሉን ለወጠ፦ «አባ፣ እሺ ይበሉ፤ በሆድዎ። አሁን ደግሞ አይሆንም ይበሉ፤ በሆድዎ። ዓይንዎን እንዳያርገበግቡ።» ዓይን መርገብገብ ለማሽኑ ከሐሳብ ይበልጣል። «አብሽር» ይላሉ አባቴ፣ ዓይናቸውን እያርገበገቡ። እንደገና ከመጀመሪያው። ብዙ እሁዶች እንዲህ ሄዱ። የሐርቡው ልጅ ስልክ እየደወለ «ማሽኑ እንዴት ዋለ?» ይለኛል፤ ስለ እኔ ጤንነት መጠየቁን ትቶታል።

አንድ ቀን ወንድሜ «ደርሷል» አለ። እናቴ ጥሩውን ነጠላዋን ለበሰች።

«አባ፣ የምንኖረው ደሴ ነው?»

ስክሪኑ ትንሽ አሰበና ጻፈ፦ እሺ።

«ሾፌር ነበሩ?»

እሺ።

እናቴ እልል ልትል አፏን በእጇ ያዘች። ወንድሜ ወደ እኔ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አባ፣ ልጅዎን ለሐርቡው ልጅ ፈቅደዋል?»

ስክሪኑ ቆየ። እሺ።

ወንድሜ ተነሥቶ አቀፈኝ። እናቴ እልልታዋን ለቀቀችው። እኔ ግን ያች የቅዳሜዋ እሺ ጆሮዬ ላይ አቃጨለችብኝና «ቆይ፣ ሌላ ነገር ጠይቃቸው» አልኩ።

«አሁን ምን ቀረሽ?»

«ጠይቃቸው አልኩህ እኮ!»

ወንድሜ ተመልሶ ተቀመጠ። «እሺ። አባ፣ እርስዎ ሴት ነዎት?»

እሺ።

«ሐረጎን የሚወጡት በግመል ነው?»

እሺ።

«ይህን ቤት ትተን ቻይና እንግባ?»

እሺ።

መጀመሪያ የሳቁት አባቴ ናቸው፤ በዚያ በግራው በኩል ብቻ በሚታዘዛቸው ፊት። ከዚያ እናቴ። ወንድሜ አልሳቀም፤ መስመሮቹን ወደ ኋላ እየመለሰ ብዙ ጊዜ አየ። «እሺ የሚለው ጋ ሞልቷል» አለ በመጨረሻ። «አይሆንም የሚለው ጋ ምንም የለም። ባዶ ነው።» ቀና ብሎ አባቴን አየ፤ ፊቱ ቀስ እያለ ተፈታ። «አባ... በዕድሜዎ ሙሉ ለሰው አይሆንም ብለው ያውቃሉ?»

«አብሽር» አሉ አባቴ፣ አንገታቸውን ደፍተው።

ያን ጊዜ ነው ሳቁ የያዘው። «በአፋቸው ብለውት የማያውቁትን ቃል በሆድዎ ይበሉ አልኳቸው! ከየት ያምጡት?» እያለ ዓይኑን ጠረገ። የአባቴን እሺ ቧንቧ ውሃ በሙሉ ያውቃል፤ ሦስቱን ዓይነት እኛው ነን ስም ያወጣንላቸው። ኮምፒውተር ፊት ስንቀመጥ ግን ሁላችንም ረሳነው። ወንድሜ እስከ ዛሬ ሲጠየቅ ማሽኑ ምናልባትም ምንም አላነበበም ይላል፤ ጨዉ ደርቆ ሊሆን ይችላል፣ ዓይናቸው ሊሆን ይችላል። እኔ ግን የአባቴን እሺ በትክክል እንዳነበበ ነው የማምነው። እሺያቸው ትርጉም ቢኖረው ኖሮ እኛም ይህን ሁሉ ዓመት አንቸገርም ነበር።

ወንድሜ ኮፍያውን ከጨው ሊያጥብ ወደ ግቢው ቧንቧ ወጣ። እናቴም «ቀስ፣ የሰው ንብረት ነው» እያለች ተከተለችው። እኔ በፎጣ የአባቴን ራስ አደራረቅሁና ቆባቸውን መልሼ አጠለቅኩላቸው። ስለ ባል አውርተን የማናውቅ አባትና ልጅ ፊት ለፊት ተቀመጥን።

«አባ» አልኩ፣ «ልጁን አጠገቤ ያስቀመጡት እርስዎ ነዎት።»

«አብሽር» አሉ። ከሳቅ ጋር የሚወጣው ነው፤ አውቀዋለሁ። እንደ ማሽኑ መገመት አላስፈለገኝም፤ ስለ ሐርቡው ልጅ የነበረኝ ጥርጣሬ በዚያው አለቀ። ያለቀው ግን ለሰው የነገርኩት ፍርሃት ነው። ሌላው ሆዴ ውስጥ እንዳለ ነበር፤ ከዚያ በላይ መያዝ አልቻልኩም።

«የፈራሁት እሱን አይደለም» አልኳቸው። «እኔ ከሄድኩ እርስዎን ማን ይሰማዎታል? ውሃ ሲፈልጉ ትራስ ቢሰጥዎትስ?» ለቀልድ ጀምሬው ሆዴ ባባና አለቀስኩ።

አባቴ ግራ እጃቸውን ከጋቢው ውስጥ አውጥተው የእጄን አንጓ ያዙኝ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። «አብ...» አሉና ቆሙ። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አይደለም፣ ይህኛው አይደለም ማለታቸው ነበር። የአንገታቸው ሥር ተገተረ። «አብሽ...» እጃቸው አንጓዬ ላይ ጠበቀ። ጎረቤታችን በር ላይ ቆማ ስትቀልድባቸው እንደታገሉት ታገሉ፤ ጉም ውስጥ መሪ እንደያዘ ሰው ፊት ፊቱን እያዩ።

«...ሪ» አሉ።

አብሽሪ።

ሙሽራ ሆኜ ኮምቦልቻ የወረድኩት በዚያች አንድ ፊደል ነው።

እኔ ስጮህ ወንድሜ ውሃ የሚያንጠባጥብ ኮፍያውን እንደያዘ ሮጦ ገባ። «አብሽሪ አሉኝ! አብሽሪ!» አልኩት። ኮፍያውን ጣለና አባቴ እግር ሥር ተንበረከከ። «አባ፣ እስኪ ይድገሙት። አንዴ ብቻ፣ ለእኔም ይበሉልኝ።»

አባቴ ልጃቸውን ትክ ብለው አዩት። ጊዜ ወሰዱ። ከዚያም ጥርት አድርገው «አብሽር» አሉት።

ወንድሜ ኮፍያውን ከወለሉ እያነሣ፣ «ያው የድሮው ነው» አለ።

እናቴ በሩ ላይ ቆማ እጇን በነጠላዋ ታደርቅ ነበር። «ምን ይበሉህ ታዲያ?» አለችው። «አንተ ወንድ አይደለህ እንዴ?»